መንግሥት ቤታችን የገባው በአንቴና አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ሁለቱ አብረውኝ ጅማ ያደጉ ናቸው። አንደኛው ከሥሩ «ይሄ የኛን ሰፈር ነው የሚያወራው?» ብሎ ጽፎበታል። እኔም አንብቤ ስጨርስ የመጣብኝ ጥያቄ ያው ነው።

ጽሑፉ በሶሻሊዝም ዘመን ቴሌቪዥን የቤት ውስጥ ኑሮን እንዴት እንደለወጠ ያስረዳል። ማሳያ የተደረገችው ጅማ ናት። ጸሐፊው ደክመውበታል። አማርኛቸው ያምራል፣ ብዙ አንብበዋል፣ ማንንም አልዘለፉም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ «ውሸት ነው» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ ያሉትን በትክክል ላስቀምጥ። ደርግ በቴሌቪዥን በኩል ሳሎናችን ገባ፣ ቤተሰብም በገዛ ቤቱ የስብሰባ ታዳሚ ሆነ ይላሉ። የሣጥኑ ጉልበት ገና ከጅምሩ ታይቷል፣ ንጉሡን የጣላቸው እሱ ነው ይላሉ። ሰው በሩን ዘግቶ ሲያፈጥ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ፤ የቡናው ወግና የአያቶች ተረትም ከዚያ ወዲህ ደከሙ። ሴቶች ግን ትራክተር የሚነዱ ሴቶችን እያዩ ከጓዳ ወጡ። ሕዝቡ የሚያውቀው የታየውን ብቻ ነበር። በመጨረሻም በጅማ ኦሮምኛ ተናጋሪ ቤቶች አማርኛን ያስገባው ቴሌቪዥን ነው ብለው ይደመድማሉ።

ማስረጃዎቻቸው በአብዛኛው ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ናቸው። ምሥራቅ ጀርመን፣ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ሩማንያ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ በዚያ ዘመን አብዛኛው ቤተሰብ የራሱ ቴሌቪዥን ነበረው። ሰው በአፓርታማው በሩን ዘግቶ የምዕራብ ጀርመንን ጣቢያ ያያል። ሞገዱ የማይደርሳቸው እንደ ድሬስደን ያሉ አካባቢዎች «ምንም የማያውቁ ሰዎች ሸለቆ» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። ሩማንያ ደግሞ በቻውሼስኩ የመጨረሻ ዓመታት የሥራ ቀን ስርጭቱ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ወርዶ ነበር፤ እሱም በአብዛኛው የመሪው ወሬ ነው። እዚያ አገር «ቴሌቪዥን ቤተሰብን ምን አደረገው?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። ሣጥኑ በየቤቱ አለና።

እኛ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቤቱ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ለዓመታት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ብዙም አልራቀም። ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ መሐል ላይ የጊቤ በረሃ አለ። እኔ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር በዓይኔ ያየሁት በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በሰፈራችን የነበረው አንድ ነው። አንድ ብቻ!

እሱም ዱሮ ቡና ይነግዱ በነበሩ ጎረቤታችን ቤት ነው። እሳቸውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እንላቸዋለን። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። በራሱ ቁምሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት መዝጊያ አለው፣ ቁልፍም አለው። ከላዩ ዳንቴል ጣል ተደርጎበታል። ማታ ሲሆን ጋሼ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ይከፍቱታል። ያን ጊዜ ሳሎኑ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ፣ ሴቶቹ በርጩማ ላይ፣ እኛ ልጆች ሰሌኑ ላይ። ቦታ ያጣ በመስኮት ያያል። አንድ ልጅ ደግሞ ውጭ ቆሞ የአንቴናውን ዘንግ ያዞራል። «አሁንስ?» ብሎ ይጮኻል። «ትንሽ ወደ ጅሬን! አለፈ፣ አለፈ፣ መልሰው!» እንለዋለን።

ክረምት ሲገባ ደግሞ የጅማ ዝናብ አለ። የጅማን ዝናብ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሆኖ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ እስከ መጨረሻው ቢከፈት እንኳ ምንም አይሰማም። የዜና አንባቢው አፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሰዉም ዝናቡ እስኪያባራ ወሬውን ይቀጥላል።

እንግዲህ ይህን ሳሎን ይዘን ወደ ነጥቦቹ እንሂድ።

ንጉሡን የጣላቸው ቴሌቪዥን ነው የሚለው ውስጥ የእውነት ፍሬ አለ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እየተቀላቀለ ታይቷል። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሡ ወረዱ። በቮልስዋገን ተጭነው ተወሰዱ። ያን ማታ ያየ ሰው አይረሳውም። ይህን እቀበላለሁ።

ግን ቅደም ተከተሉን እንይ። የነገሌ ቦረና ወታደሮች ያመፁት በጥር 1966 ነው። የካቲት ላይ መምህራንና ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔም ወረደ። ሰኔ ላይ ደርግ ተቋቋመ። ክረምቱን ሙሉ ሹማምንቱ አንድ በአንድ ሲታሰሩ ከረሙ። መስከረም ሲጠባ ንጉሡ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ፊልሙ የታየው ያለቀለትን ነገር ለሕዝብ ለማሳመን ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞስ ያን ማታ ጅማ ላይ ማን አየው? የጅማ ሰው ወሬውን የሰማው በሬዲዮ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። ደርግ በቴሌቪዥን በኩል ሳሎናችን ገባ ወደሚለው።

ይህን ሳነብ እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ጸሐፊው ክፉ አስበው አይደለም። ግን ያ ዘመን ለቤታችን ምን እንደነበር ያለሰልሰዋል። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከሱ ጋር ቀበሌ መጣ። ከዚያ ወዲያ መንግሥት ቤታችን ለመግባት አንቴና አላስፈለገውም። በእግሩ ይመጣ ነበር። የምንኖርበት ቤት የቀበሌ ነው፣ ኪራዩ ለቀበሌ ይከፈላል። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ነው፣ በካርድ፣ ተሰልፎ። መሸኛ ከቀበሌ ነው። ስብሰባ ሲጠራ አለመሄድ አይቻልም፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። እናቴ ጨርሳ የማታውቀውን የአኢሴማ (የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር) መዋጮ ትከፍል ነበር። የቤተሰቡ ቁጥር ስንት ነው፣ ማን አደረ፣ እንግዳው ከየት መጣ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በሁለት በር ርቀት ይኖራል።

በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። አፈሳ መጣ። የአያቴ የመጨረሻ ልጅ፣ አጎቴ፣ ያኔ ጎረምሳ ነው። ማታ ማታ ከኛ ቤት አያድርም። አንድ ሌሊት ግን ዝናብ ስለነበር ቀረ። ውሻ ጮኸ። የባትሪ ብርሃን በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ጣራው ላይ ሲሄድ እስከ ዛሬ ይታየኛል። በሩ ሦስቴ ተንኳኳ። አራተኛውን አልጠበቁም። አጎቴን አንድ እግሩ ጫማ አድርጎ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ ነው የወሰዱት። አያቴ የቀረችውን ጫማ ይዛ እስከ ጎዳናው ድረስ ተከተለቻቸው።

ቴሌቪዥን ሲያስጠላህ ትዘጋዋለህ። ጋሼም ብዙ ጊዜ ዘግተውታል። ንግግሩ ሲረዝም «ዓይኔን አመመኝ» ይሉና መዝጊያዎቹን ገጠም ያደርጓቸዋል። ማንም አይቃወምም። ያን ሌሊት የመጡትን ግን የሚዘጋ በር አልነበረንም። ጸሐፊው የሁለቱን ልዩነት ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። የዚያን ዘመን ፍርሃት በስክሪን በኩል የመጣ ካስመሰልነው፣ በር ያንኳኩትን ሰዎች ከታሪኩ እናወጣቸዋለን።

የጎረቤቱና የቡናው ጉዳይ ደግሞ እኔ በጣም የማውቀው ነው።

ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ ይላሉ። በኛ ሰፈር የሆነው ተቃራኒው ነው። ከዚያ በፊት እትዬ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው በቴሌቪዥኑ ምክንያት ገባ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ዳውሮውም ከፊቾውም ኦሮሞውም ጉራጌውም፣ እዚያው ሰሌንና በርጩማ ላይ ነው። ተጣልተው የማይነጋገሩ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አይቻለሁ። የሚገርመኝ ሌላም ነገር አለ። ቴሌቪዥኑ የቤቱን ሥርዓት ነው የተከተለው። የዒሻ ሰላት ሲደርስ ጋሼ ድምፁን ይቀንሱታል። ቡናው ቀርቦ ሽማግሌው ሊመርቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፁ ጨርሶ ይጠፋል፤ ማን እየተናገረ ይሁን ማን። «አሚን» ተብሎ ሲያበቃ ይመለሳል። ሊቀመንበር መንግሥቱ ራሳቸው እየተናገሩ በምርቃት ምክንያት ድምፃቸው የጠፋበት ማታ አለ። ማንም ለቀልድ ወይም ለተቃውሞ ያደረገው አይደለም። ቡና ላይ ምርቃት ስለማይቋረጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር መስጠት አለብኝ። ከቴሌቪዥኑ በፊት የማታ ቡና በየተራ ነበር። ዛሬ እኛ ቤት፣ ነገ እነሱ ቤት። ቴሌቪዥኑ ከመጣ በኋላ ማታ ማታ ሁሉም እትዬ ቤት ሆነ። የኛ ጀበና ማታ ሥራ ፈታ። እናቴ ይህ ነገር ይከነክናት ነበር። ባዶ እጇን ላለመሄድ የታጠበ ቡና በወረቀት ቋጥራ ትወስዳለች። እትዬም አልፈልግም አይሉም፣ ተቀብለው እናቴ ፊት ይቆሉታል። ተራው ጠፋ ማለት ግን ቡናው ደከመ ማለት አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱም እንዳሉ ነው። ጭሱም ቆሎውም አለ።

ቡናውን ያደከመው ነገር ካለ፣ የስኳር ካርዱን ይጠይቁ። ቡናን ለአገሩ ሰው ብርቅ ያደረገውን ኬላና ፍተሻ ይጠይቁ። የቡና አገር ሆነን፣ ከገጠር ዘመድ ጥቂት ኪሎ ሲያመጣልን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከሌላ ዕቃ ሥር ደብቆ ነበር። ሰዓት እላፊ በነበረባቸው ዓመታት ደግሞ ማታ ጎረቤት ቤት መሄድ ራሱ ድፍረት ነው። ሰውን ቤቱ የዘጋው እሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲመጣ እንዲያውም መውጫ ምክንያት ሆነ።

ስለ ተረቱም እንዲሁ ነው። ስርጭቱ ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ የለም። ቀሪው ጊዜ የአያቶች ነው። የልጆች ጊዜውን የሚያቀርቡት አባባ ተስፋዬ ናቸው። አባባ ተስፋዬ ማለት ደግሞ ተረት ነጋሪ ነበሩ፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ነግረዋል። እሳቸው የነገሩንን ይዘን ቤት እንሄዳለን። አያቴ ትሰማንና «ይሄማ ሌላ መጨረሻ አለው» ትላለች። ከዚያ የሷን ትጀምራለች። አንዱ ተረት ሌላውን ሲጠራ ነው እኔ ያየሁት።

አንድ ማታ ብቻ ልጨምር። ሰኔ 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፣ ዓርብ። የጣሊያን የዓለም ዋንጫ መክፈቻ፣ ካሜሩንና አርጀንቲና። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ጀመረ። እትዬ ቤት መርፌ መጣያ የለም። ካሜሩኖች ሁለት ሰው በቀይ ወጥቶባቸው፣ ዘጠኝ ሆነው፣ የዓለም ሻምፒዮኗን 1 ለ 0 አሸነፉ። ኦማም ቢይክ በጭንቅላት ሲያገባ፣ ኳስ ምን እንደሆነ የማያውቁ እናቶች እልል አሉ። አንደኛዋ እናት «የማን ልጆች ናቸው?» ብለው ጠየቁ። «የአፍሪካ» ተባሉ። «ታዲያ የኛ ናቸዋ!» አሉና እንደገና እልል አሉ። ይህ ነው እንግዲህ ጎረቤትን የለየው ሣጥን።

ወደ ሴቶቹ ልለፍ። ትራክተር የምትነዳ ሴት፣ መሣሪያ ያነገበች ሚሊሺያ፣ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ሴት፣ እነዚህ ይታዩ ነበር። እውነት ነው። አንዳንድ ልጃገረድ በዚያ ተነሣስታ ሊሆን ይችላል፤ የማላውቀውን ልብ አልክድም። ስለ ጤና የሚነገረውም ጠቅሟል። እናቴ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ስኳርና ጨው በፈላ ውኃ በጥብጦ መስጠትን የተማረችው ከዚያው ነው። ስኳሩን ከየት እንደምታመጣ ግን አልነገሯትም።

«ከጓዳ ወጡ» የሚለው ላይ ግን ጸሐፊው እትዬን አላዩም። ቴሌቪዥን ያለበት ቤት እመቤት መሆን ምን እንደሆነ ልንገራቸው። ማታ ከ20 ሰው በላይ ይመጣል። ለ20 ሰው ቡና ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። ሲኒ ይታጠባል፣ እንደገና ይቀዳል። ቆሎ ይቀርባል። ሰው ሲሄድ በክረምት የገባው ጭቃ ከወለሉ ይፋቃል። ልጅ ሰሌኑ ላይ ተኝቶ ይሸናል። ይህ በየማታው ነው። እትዬ ከስክሪኑ ይልቅ ፊታቸው ወደ ከሰሉ ነበር። አንድም ቀን ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተው አያውቁም። ትራክተር የምትነዳዋ ሴት ስትታይ እሳቸው ሲኒ ይዘው በመካከል ያልፋሉ፤ «ጎንበስ በይልን» ይባላሉ።

እኔ ለእትዬ ዛሬም አዝናለሁ። ያን ሁሉ ዓመት አስተናግደውን፣ ስለዚያ ዘመን በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ «ነፃ ወጡ» ተብለው መቅረባቸው ልክ አይደለም። ሥራቸው ነው የጨመረው።

ስለ ዕቃ ፍላጎት ጸሐፊው በጎን ያነሡት ነገር ግን ልክ ነው። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ክብር ነበረው፣ የሌለው ቀና። ሁሉም እኩል ነው በሚባልበት አገር የማን ጣራ ላይ ዘንግ እንደቆመ ልጅ ሳይቀር ያውቃል። በዚህ አልከራከርም።

የታየውን ብቻ ነበር የምናውቀው? ይህን ለመመለስ 1977 ዓ.ም. ይበቃል። መስከረም ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ተከበረ። የቀለም ስርጭት የተጀመረው ለዚያ በዓል ነው። ሰልፉ፣ ባንዲራው፣ ሐውልቱ ይታያል። ወዲያው በጥቅምት ጋዜጠኛው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሡት ምስል በቢቢሲ ታየና ዓለም ደነገጠ። በኛ ስክሪን በዓሉ ነበር፣ በሰሜን ረሃብ ነበር። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ደርግ ረሃቡን ከስክሪኑ ሊያርቅ ሞክሯል።

ጅማ ግን አወቀች። ለማወቅ ስክሪን አልጠበቀችም። ሰፈራው ሲጀመር ከ500,000 በላይ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ፤ ከፋ ክፍለ ሀገር አንዱ መድረሻ ነበር። መኪኖቹ በኛ መንገድ አለፉ። አንዱ ጭነት መኪና ለጥቂት ጊዜ ሲቆም ደርሻለሁ። በጎኑ እንጨት መካከል የአንዲት ሴት እጅ ወጥቶ ነበር። ምንም አትለምንም። እጇ ብቻ ወጥቶ እንጨቱን ይዟል። የኛ ሰፈር ሴቶች ቤታቸው የነበረውን ሁሉ ይዘው ወጡ። ቂጣ፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ በጀበና የቀረ ቡና። ማታ እትዬ ቤት ማንም ቴሌቪዥኑን አላስከፈተም።

ከዚያ በተረፈ ሬዲዮ ነበር። ጸሐፊው ስለ ሬዲዮ አንድ መስመር ብቻ መጻፋቸው አስገርሞኛል። የዚያን ዘመን ቤት ያወራ ሰው ያለ ሬዲዮ እንዴት ያወራል? የዶይቸ ቬለ አማርኛ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ጀመረ። አባቴ ትንሿን ሬዲዮ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ ይገባል። ድምፁ ከትራሱ ሥር እንደ ንብ ሲያጉረመርም እኛ እንቅልፍ እንደወሰደን እናስመስላለን። ጠዋት ገበያ ላይ ሰዎች ሲገናኙ «ትናንት እንዴት አደርክ?» የሚሉት አጠያየቅ ነበራቸው። ሰምተሃል ወይ ማለት ነው። ያየ ሰው ሁሉ ያምን ነበር ማለት እነዚህን ሰዎች መበደል ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣታቸው ሲነገርም የተሰማው እኩለ ቀን አካባቢ በሬዲዮ ነው። ጋሼ ቁልፉን ከኪሳቸው እስኪያወጡ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ጨርሷል።

የቀረው ቋንቋው ነው። አማርኛን ኦሮምኛ ተናጋሪ ቤቶች ውስጥ ያስገባው ቴሌቪዥን ነው ይላሉ።

ጅማ ላይ አማርኛ ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ነው። በትምህርት ቤቱ፣ በፍርድ ቤቱ፣ በማዘጋጃ ቤቱ፣ በሂርማታ ገበያ ነበር። ልጅ አማርኛ የሚማረው አንደኛ ክፍል ስለሚጠበቅበት ነው። አዋቂ የሚማረው ማመልከቻ ለመጻፍና ሸቀጥ ለመሸጥ ነው። ገበያ ውስጥ ደግሞ አማራው ኦሮምኛ ይማራል፣ ጉራጌው ሁለቱንም ይናገራል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ነው የተካሄደው። የአማርኛን ጫና የለም አላልኩም። ነበረ፣ ከባድም ነበረ። ግን የመጣው ከመንግሥት ቢሮና ከትምህርት ሥርዓቱ ነው። ማታ ለሁለት ሦስት ሰዓት፣ ሰሌን ላይ ተደራርቦ የሚታይ ነገር የሰውን ቋንቋ አይለውጥም።

በኛ ቤትማ የሆነው ሌላ ነው። አያቴን አኮ እንላታለን። የእናቴ እናት ናት። አማርኛ አትሰማም። እትዬ ቤት ስንሄድ እኔን አጠገቧ ታስቀምጠኛለች። ዜና አንባቢው አንድ ነገር ተናግሮ በጨረሰ ቁጥር በክርኗ ትነካኛለች። «ማል ጄዼ?» ትለኛለች። ምን አለ? እኔ በኦሮምኛ እነግራታለሁ። እሷ ደግሞ አጠገቧ ላሉት ሁለት ሴቶች ታስተላልፋለች፣ የራሷን ጨምራ። አማርኛው እንዲህ እያለ፣ በአንድ የአሥር ዓመት ልጅ አፍ በኩል፣ በየማታው ኦሮምኛ ይሆናል። የዜና አንባቢው ቃል እኛ ጋ ሲደርስ የአኮ ቃል ሆኗል።

አንድ ማታ ስለ ሰሜኑ ጦር ግንባር ዜና መጣ። ጠላት ተደመሰሰ፣ ይህን ያህል መሣሪያ ተማረከ፣ ይህን ያህል ቦታ ተያዘ ይላል። አጎቴ ከተወሰደ ሁለት ክረምት አልፏል፣ ደብዳቤም የለም። አኮ በክርኗ ነካችኝ።

«ማል ጄዼ?»

ተረጎምኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ከኛ ልጆች ስንት ሞቱ ይላል?»

«እሱን አላለም አኮ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በርጩማዋን አንሥታ ወደ እትዬ ከሰል አዞረችውና ሲኒዎቹን ማጠብ ጀመረች።